ቅዱስ ያሬድ በትምህርት ቤት

ግንቦት 11 ቀን የማኅሌታዊው የቅዱስ ያሬድ መታሰቢያ በዓል ነው። በዚህ ቀን በየአድባራቱና በየገዳማቱ ሊቃውንቱ እርሱ በደረሰው ዜማ እግዚአብሔርን ሲያመሰግኑ ያድራሉ፤ ሰባክያንም ስለ ሦስቱ አዕዋፍ፥ ስለ ንጉሡ ጦር፥ ስለ ድጓው ስፋት ያስተምራሉ። ይህ ሁሉ የተገባ ነው። ዳሩ ግን በዓሉ የሚውለው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጨረሻው ፈተና ትምህርታቸውን በሚከልሱበት ወራት ስለ ሆነ፥ ከቅዱሱ ሕይወት ብዙ ጊዜ በጥቂት ቃል የምናልፈውን ክፍል፥ ይኸውም ገና ተማሪ ሳለ የደረሰበትን ነገር፥ በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርገን ልንናገር ወድደናል።

ለዚህም በቂ ምክንያት አለን። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በአዲስ ሥርዓት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠ ጊዜ፥ ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በተከተሉት ሁለት ዓመታትም ውጤቱ ከዚህ እጅግ አልራቀም። ይህ ነገር በየቤቱ ያስከተለውን ኀዘን እኛ ካህናት ከማንም ይልቅ እናውቃለን፤ የንስሐ ልጆቻችን ልጆች ናቸውና። ከወደቁት ኀዘን ይልቅ የሚያስፈራው ግን ገና ያልተፈተኑት ተስፋ መቍረጣቸው ነው። ታላቅ ወንድሙ ወይም ታላቅ እኅቱ ወድቀው ያየ ልጅ መጽሐፉን በፊቱ ከፍቶ ሳለ ገጹን ሳይገልጥ ያመሻል። የሚደክምበት ነገር ፍሬ የሚያስገኝ መሆኑን አያምንምና። እንዲህ ያለውን ልጅ ወላጆቹ ወደ እኛ ባመጡት ጊዜ ብዙዎቻችን የያሬድን ትል እንነግረዋለን፤ ልጁም ታሪኩን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ሰማው ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። እንግዲህ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን እንየው።

ያሬድ በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ ይስሐቅ ወይም አብድዩ፥ እናቱም ክርስቲና ወይም ታውክልያ ይባላሉ። አክሱም በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ መናገሻ ነበረች። ክርስትና በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አማካይነት የመንግሥት ሃይማኖት ከሆነ ሁለት መቶ ዓመት አልሞላም ነበር፤ ተስዓቱ ቅዱሳንም ወደ አገራችን ገብተው ገዳማትን በመመሥረትና መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ በመመለስ ይደክሙ የነበሩት በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው። ስለዚህ በአክሱም ጽዮን ጥላ ሥር ላደገ የካህናት ወገን ልጅ መማር ማለት መጽሐፍ ማወቅ፥ መጽሐፍ ማወቅም ከሁሉ አስቀድሞ ዳዊትን በቃል መያዝ ነበረ።

ልጁ ሰባት ዓመት በሆነው ጊዜ አባቱ ዐረፈ። እናቱም አባት የሌለው ልጅ ባልቴት እናቱን እያየ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር በማሰብ በአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለጌዴዎን ወስዳ ሰጠችው። ጌዴዎንም ተቀብሎ ፊደሉን ካስቈጠረው በኋላ መዝሙረ ዳዊትን ያስተምረው ጀመር።

ከዚህ ላይ ነገሩ ከበደ። መዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙራት አሉት፤ ገና ፊደል የለየ ሕፃን ይህን ሁሉ አንብቦና በቃሉ ይዞ መምህሩ ፊት መቅረብ ነበረበት። ያሬድ ግን የዛሬውን ሲይዝ የትናንቱ ይጠፋው ነበር። ከእርሱ ጋራ የጀመሩት ልጆች አልፈውት ሄዱ፤ ከእርሱ በኋላ የገቡትም ደረሱበት፤ ደርሰውም ይስቁበት ጀመር። መምህሩ አንድ ጊዜ በምክር፥ ሌላ ጊዜ በቍጣ፥ በመጨረሻም በአለንጋ ሞከረው። ነገሩን በቅደም ተከተል የሚያነብ ሰው ይህ ልጅ ከጥቂት ጊዜ በፊት አባቱን ቀብሮ፥ ከእናቱ ቤት ተለይቶ የመጣ መሆኑን አይዘነጋም። ባልንጀሮቹ ግን የሚያዩት መዝሙር የማይገባውን ልጅ ብቻ ነበር።

ስለ አለንጋው ጥቂት መናገር ይገባናል። ጌዴዎን ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ የእኅቱን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ሊያሳድግ የተቀበለ፥ ትምህርቱም እንዲቀናለት የጓጓ ሰው ነበር። የዱሮ መምህራን ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ስለ ነበረ እርሱን ብቻ ነቅሰን አንወቅሰውም። ይሁን እንጂ ከሆነው ነገር ስንፈርድ አለንጋው ለያሬድ ያስተማረው መዝሙሩን ሳይሆን ከአክሱም የሚወጣውን መንገድ ነው። ዛሬም በቤቱ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋራ እያስተያየ የሚያዋርድ አባት፥ በክፍልም ዝቅተኛውን ውጤት በጉባኤ የሚያነብ አስተማሪ፥ አለንጋ ባይይዝም ያንኑ ሥራ እየሠራ መሆኑን ልብ ሊለው ይገባል።

ያሬድ ግርፋቱንና ዕፍረቱን መታገሥ ስላልቻለ ከመምህሩ ቤት ጠፍቶ ወደ መደባይ አቅጣጫ ተጓዘ። ማይ ኪራሕ ከሚባለው ቦታ በደረሰ ጊዜ ስለ ደከመው ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት በዛፉ ግንድ ላይ ሲወጣ አየ። ትሉ ጥቂት ከወጣ በኋላ ወደቀ፤ ደግሞ ጀመረ፥ ደግሞም ወደቀ። ስድስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ በሰባተኛው ከዛፉ ራስ ደርሶ ፍሬውን በላ።

አብዛኛው ተራኪ ከዚህ ላይ ሲደርስ ቍጥሩን ያነሣና ሰባት ጊዜ የሞከረ ሁሉ ይሳካለታል ወደሚለው ምክር ይሄዳል። እኛ ግን ቍጥሩን ትተን የትሉን አካሄድ ብንመለከት ይሻለናል። በመጀመሪያ ትሉ በወደቀ ቍጥር አካሄዱን የጀመረው ከወደቀበት ከፍታ ሳይሆን ከግንዱ ሥር ነው። ክለሳን መራራ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ተማሪው አንድ ጊዜ ተምሬዋለሁ፥ አልፌዋለሁ ወዳለው፥ ከእርሱ የሚያንሱ ልጆች ወደሚማሩት ምዕራፍ ተመልሶ መውረድ አለበት። በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳቡ ጥያቄ የሚያስቸግረው ተማሪ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከሦስት ዓመት በፊት በዘለለው ገጽ ላይ ነው፤ ወደዚያ መውረድ ግን ያሳፍረዋል። ትሉ ግን አላፈረም።

ሁለተኛም ትሉ የወጣው ርቦት ነው። ሌላውን ትል ለመቅደም፥ ወይም ከታች ሆኖ የሚያየውን ልጅ ለማስደሰት አልወጣም፤ የሚያጨበጭብለትም፥ የሚገርፈውም አልነበረም። እኛ ልጆቻችንን አብዝተን የምናስጠናቸው በፍርሃት ነው፤ ባትማር እንዲህ ትሆናለህ፥ ዩኒቨርሲቲ ካልገባህ ሰው አትሆንም እያልን። ፍርሃት ለጥቂት ሳምንት ያስሮጣል፤ ቀን ሲረዝም ግን ይደክማል፥ ልጁም አብሮ ይደክማል። ዕውቀቱን ራሱን እንዲራብ፥ ይኸውም ሐኪም ለመሆን የሚሻው ልጅ የሰውን ሕዋሳት ለማወቅ እንዲጓጓ፥ መሐንዲስ ለመሆን የሚሻውም ድልድይ እንዴት እንደሚቆም እንዲጠይቅ ያደረግነው እንደ ሆነ ግን ማንም ሳያየው መጽሐፉን ይገልጣል።

ያሬድ ይህን አይቶ አለቀሰ። ሥጋው ግርፋትን ስለ ምን እንደማይታገሥ፥ ነፍሱም ስለ ምን እንደምትሸሽ ራሱን ወቀሰ፤ አእምሮ የሌለው ፍጥረት ለአንድ ቀን ምግብ ይህን ያህል ከጸና የእግዚአብሔርን ቃል የሚማር ሰው ምንኛ ሊጸና እንደሚገባው አሰበ። ተነሥቶም ወደ አክሱም ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንባቢን ጥቂት ልናቆም እንወዳለን። ታሪኩን የምንተርክ ሰዎች ከዛፉ ሥር ተነሥተን በቀጥታ ወደ ማኅሌቱ እንዘልላለን፤ በዛፉና በማኅሌቱ መካከል ግን የጌዴዎን ደጅ አለ። ከትሉ ምሳሌ መማር በጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሆን ነገር ነው፤ ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ልጁ የሸሸበትን መንገድ ሁሉ ወደ ኋላ ሊጓዝ፥ ሲስቁበት በነበሩት ልጆች ፊት ሊያልፍ፥ ጥሎት የሄደውን መምህር ፊት ለፊት ሊያየው ነው። ከዚህም በላይ ተመልሶ የሚያገኘው ሌላ ቀላል መጽሐፍ ሳይሆን ያንኑ ያቃተውን ዳዊት ነው። ሌላ መምህር ልፈልግ፥ ሌላ ሙያ ልያዝ ማለት ይችል ነበር፤ ለካህናት ወገን ልጅ የሚሆን ሥራም አይጠፋም ነበር። እርሱ ግን ወደ ጌዴዎን ገብቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ የወደደውን ሁሉ አድርጎ ዳግመኛ እንዲያስተምረው ለመነው። ጌዴዎንም ተቀበለው።

ለዚህ መቀበል ለመምህሩ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። ጠፍቶ የተመለሰ ተማሪን አሰናብቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየቤተ መቅደሱ የሚሰማው ዜማ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል። በእኛም ዘመን የተመላሽ ደጅ ፈጽሞ አልተዘጋም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለማለፊያው ጥቂት ለቀረባቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሬሜዲያል የተባለው የማካካሻ ትምህርት ተዘጋጅቷል፤ በግል ተመዝግቦ ዳግመኛ መፈተንም አለ። ነገር ግን ይህን እንደ ውርደት የሚቈጥሩ፥ ልጃቸው በዚህ መንገድ መግባቱን ለዘመድ የሚሸሽጉ ወላጆች አሉ። እነዚህን ወላጆች በምንመክርበት ጊዜ ስለ ትሉ ከመናገራችን በፊት ስለ ጌዴዎን ደጅ ብንነግራቸው ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ያሬድ ተመልሶ ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ በጾምና በልቅሶ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ። እግዚአብሔርም ልቡናውን ብሩህ አደረገለት፤ ዳዊትን ብቻ ሳይሆን መጻሕፍተ ብሉያትንና ሐዲሳትን በአጭር ጊዜ እንዳጠናቀቀ፥ ማዕርገ ዲቁናም እንደ ተቀበለ መጽሐፈ ስንክሳር ይነግረናል። ይህን የሚሰማ ተማሪ ለያሬድ ጸጋ ስለ ተሰጠው ነው፥ ለእኔ ግን አልተሰጠኝም ሊል ይችላል፤ ደግሞ ሌላው በተቃራኒው ጸጋውን ተስፋ አድርጎ መጽሐፉን ይዘጋል። ሁለቱም ቅደም ተከተሉን አላስተዋሉትም። ጸሎቱ የተሰማው ያሬድ ወደ ጌዴዎን ቤት ከተመለሰ በኋላ፥ መጽሐፉ በፊቱ ሳለ ነው፤ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ሳለ ዕውቀት አልወረደለትም። ያን ጊዜም ቢሆን በግርፋትና በዕንባ ያነበባቸው መዝሙራት ባዶ ሆነው አልቀሩም፤ አልገባኝም ይለው የነበረው ቃል ሁሉ በውስጡ ተከማችቶ ብርሃን ይጠብቅ ነበር ብንል አንሳሳትም። ወራቱን ሁሉ መጽሐፉን ትቶ የቈየ ተማሪ ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ጠበል ቢሄድ ቤተ ክርስቲያን አትከለክለውም፤ ጠበሉ ያልተነበበውን ገጽ ያነብብልሃል ብላም አታስተምረውም። ካህናት ይህን በግልጥ መናገር አለብን፤ ዝም በምንልበት ጊዜ ልጁ በወደቀ ቀን እምነቱም አብሮ ይወድቃል።

ስለ ትዕግሥት ከተነሣ ዘንድ፥ የአብነት ትምህርት ቤታችን የተማሪውን ትጋት እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቅ መመልከት ለአስኳላው ተማሪም ይረዳል። ዳዊት የሚማር ልጅ በአንድ ቀን የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ የትናንቱን ሳያሰማ ግን አዲስ አይቀበልም። ዜማ የሚቀጽለውም እንዲሁ የያዘውን እየመለሰ ይወርዳል እንጂ ወደ ፊት ብቻ አይሮጥም። ትምህርቱ በለሆሳስ ሳይሆን በድምፅ ነው፤ ጆሮ ዐይን የሳተውን ይይዛልና። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስተምራል፤ በማስተማሩም የራሱን ይከልሳል። መብራት በሌለበት ሌሊት በቃል የተያዘው ይደገማል። ቀን የለመነውን ቍራሽ በአኩፋዳው ይዞ፥ ውሻ ሲያሳድደው ውሎ የመጣ ልጅ ሌሊቱን ተነሥቶ የሚያነበንበው ከሰው ሁሉ የበረታ ፈቃድ ኖሮት አይደለም። ሥርዓቱ ነው የሚይዘው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ባልንጀራው ይቀሰቅሰዋል፥ መምህሩ ይጠብቀዋል፥ ሁሉም ሲያነበንብ እርሱ ብቻውን ዝም ሊል አይችልም። ዛሬ በክፍሉ ብቻውን ስልኩን አጠገቡ አድርጎ የሚከልስ ተማሪ በየማታው ከራሱ ጋራ አዲስ ጦርነት ይገጥማል፤ ላጥና ወይስ ልተው እያለ። አንድ ባልንጀራ ፈልጎ፥ ሰዓት ወስኖ፥ በየማታው የትናንቱን እርስ በርስ ቢሰማሙ ከጦርነቱ ግማሹ ይቀርለታል። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንዲህ ያለ የጥናት ማኅበር የጀመሩ አጥቢያዎች መልካም አድርገዋል፤ ሌሎቹም አዳራሻቸውን ማታ ቈልፈው ከሚያሳድሩት ለዚህ ቢከፍቱት እንወዳለን።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ጌዴዎን ካረፈ በኋላ ያሬድ ገና በልጅነቱ በመምህሩ ወንበር ተቀምጦ ማስተማር ጀመረ። በዚያን ዘመን ምስጋናው በንባብ፥ በለሆሳስ ይደርስ ነበር እንጂ ከፍ ባለ ዜማ አይደለም። እግዚአብሔርም መታሰቢያ ሊያቆምለት በወደደ ጊዜ ሦስት አዕዋፍን ከኤዶም ገነት ላከለት፤ በሰው አንደበትም ተነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። በተመለሰም ጊዜ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ ከፍ ባለ ድምፅ አመሰገነ፤ ያንንም ምስጋና አርያም ብሎ ሰየመው። ንጉሡና ንግሥቲቱ፥ ጳጳሱና ካህናቱ፥ ሕዝቡም ሁሉ ድምፁን ሰምተው ተሰበሰቡ፤ ሲሰሙትም ዋሉ። በዚያ ሕዝብ መካከል ዱሮ በእርሱ ይስቁ የነበሩ የትምህርት ቤት ባልንጀሮቹም ሳይኖሩ አልቀሩም።

ዜማውንም በሦስት ስልት፥ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ አደረገው፤ ሊቃውንትም እነዚህን በአብ፥ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ እየመሰሉ ያመሠጥራሉ። በዐፄ ካሌብ ልጅ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ስለ ሆነው ነገር የማያውቅ ምእመን የለም። ንጉሡ በተመስጦ ጦሩን ተመርኵዞ ሳለ የጦሩ ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተተከለ፤ ደሙ እየፈሰሰ ማኅሌቱ እስኪፈጸም ድረስ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ትንሽ የአለንጋ ሰንበር መታገሥ አቅቶት ከአክሱም የሸሸው ልጅና ጦር እግሩን ሲወጋው ያልተሰማው ማኅሌታዊ አንድ ሰው ናቸው። በሁለቱ መካከል የሥጋው ብርታት አልተለወጠም፤ ልቡ የተያዘበት ነገር ነው የተለወጠው።

ድርሰቶቹ አምስት ናቸው፤ ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት። ድጓው የዓመቱን በዓላትና ወራት ተከትሎ በዮሐንስ፥ በአስተምህሮና በፋሲካ የተከፈለ ነው፤ ጾመ ድጓው ለዐቢይ ጾም ይሆናል፤ ዝማሬው ከቅዳሴ በኋላ፥ መዋሥዕቱ ለሙታን ጸሎት ይደርሳል። ከእነዚህ ይልቅ ለዛሬው ነገራችን የሚሆነው ግን ምዕራፍ ነው። ምዕራፍ መዝሙረ ዳዊት በዜማ የሚደርስበት መጽሐፍ ነውና። በድጓውም ቢሆን የዳዊት ቃል ያልገባበት በዓል የለም። አንድ ሕፃን ሊይዘው ተስኖት፥ ተገርፎበትና ተሰድቦበት የሸሸው ያ መጽሐፍ የዜማው ሁሉ መሠረት ሆነ። በቀላሉ ይዘውት ያለፉት ባልንጀሮቹ ዳዊትን ደግመው ወደ ሌላው መጽሐፍ ሄዱ፤ ያሬድ ግን እያንዳንዱን ቃል ብዙ ጊዜ መልሶ መላልሶ ስላነበበው ድምፁ፥ ዕርፍቱ፥ ክብደቱ ሁሉ በጆሮው ቀርቶ ነበር። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሆኖም ዳዊትን በችግር የተማረ ሰው እንደ እርሱ ያለውን ደካማ ተማሪ ከሌላው በተሻለ ሲያስተምር ብዙ ጊዜ ስላየሁ ግምቱን ለመተው አልወድም።

ንጉሡም የፈሰሰውን ደም ባየ ጊዜ ደንግጦ ስለ ደሙ ዋጋ የሚወድደውን ሁሉ እንዲለምነው ነገረው። ያሬድም እንዳይከለክለው በመሐላ ካጸና በኋላ ወደ ገዳም ሄዶ ይመነኵስ ዘንድ እንዲፈቅድለት ለመነው። ንጉሡ እጅግ ዐዘነ፥ ስለ መሐላው ግን ሊያስቀረው አልቻለም። ያሬድ በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ የእመቤታችንን ምስጋና አንቀጸ ብርሃንን አድርሶ አክሱምን ተሰናበተ። ወደ ስሜን፥ ወደ ጸለምት ሄዶም በጾምና በጸሎት ሥጋውን እያደከመ፥ ወደ እርሱ የሚመጡትን ደቀ መዛሙርት እያስተማረ ኖረ። በብርድ አገር፥ ከቤተ መንግሥት ርቆ፥ ተማሪ ማስተማሩን ግን አልተወም። በዚያም ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ተሰወረ።

የዜማው ምልክቶች፥ እነ ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክና ደረት፥ በመጻሕፍቱ ቃል ላይ ተስተካክለው የተጻፉት ከብዙ ዘመን በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፥ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ትጋት ነው። ከዚያ አስቀድሞ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ዜማው የተጠበቀው በዋነኛነት በተማሪ ቃል ውስጥ ነበር። በግራኝ አሕመድ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት በተቃጠሉ ጊዜም የያሬድን ዜማ ለተከታዩ ትውልድ ያሻገሩት ሌት ተቀን ሲደግሙ የኖሩ፥ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው።

የእነዚህ ሰዎች ትምህርት የራሱ የመጨረሻ ፈተና አለው፤ ማስመስከር ይባላል። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ በዙር አምባ፥ ድጓ የተማረ በቤተ ልሔም፥ ሁለቱም በጋይንት ምድር፥ ያስመሰክራል። የድጓው ተማሪ ብዙ ዓመት ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲዞር ኖሮ፥ በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ተሸክሞ በእግሩ ወደ ቤተ ልሔም ይሄድ ነበር። ከዚያም መምህሩ ፊት ተቀምጦ ከዮሐንስ ጀምሮ እያዜመ ምልክቱ ሁሉ አንድ በአንድ ይመረመራል፤ የሳተው ይታረምለታል። ጕድለት የተገኘበት ተማሪ ወደ አገሩ አይመለስም፤ ጎጆውን ከሌሎቹ ጎጆ አጠገብ ቀልሶ፥ በማግሥቱ አኩፋዳውን አንግቦ ቍራሽ ለምኖ መጥቶ፥ ማታ ድጓውን ከሳተበት ገጽ ይከፍታል።